አምባሰል ያሳዝናል፣ ባቲ ያስደስታል ማለት ትንታኔ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ የአንድ የወጣቶች የኪነት ክበብ አባል ነኝ። በሚቀጥለው ወር በክበባችን ፊት የ15 ደቂቃ የሥራ ትንታኔ እንዳቀርብ ተመድቤያለሁ። የወሎ ዘፈንና ውዝዋዜ የቀረበበትን አንድ መድረክ፣ አንድ አጭር ቴአትርና ከአንድ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሁለት ሥዕሎችን መርጬ አራት ገጽ ጻፍኩ። አስተባባሪያችን ‹ይሄ አድናቆት እንጂ ትንታኔ አይደለም› ብለው መለሱልኝ። ጥበብ የስሜት ጉዳይ አይደለም ወይ? ሠዓሊው ምን አስቦ እንደሠራው ሳላውቅስ እንዴት መተንተን እችላለሁ? የዘፈኑ ቅኝት (ዜማው የተሠራበት የድምፅ አሰላለፍ) አምባሰል ስለሆነ የሐዘን ነው፣ ባቲ ቢሆን ኖሮ የደስታ ይሆን ነበር ብዬ ጽፌያለሁ፤ ስሕተት ነው? አራቱንም ሥራዎች በአንድ መመዘኛ ማየትስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ አስተባባሪዎ የሰጡት ፍርድ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩዎትም። ጥፋቱ ስሜትዎን መጻፍዎ አይደለም። ምንም ያልተሰማው ሰው ሥራ ለመተንተን ሲነሣ የሚወጣው ደረቅ የዕቃ ቆጠራ ነው። ጥፋቱ ስሜቱ ላይ መቆምዎ ነው። «ዘፈኑ ልብ ይነካል» የሚለውን ሌላው ሰው ሊያጣራው አይችልም፤ ወይ ይስማማል ወይ አይስማማም፣ በቃ። «ዘፋኟ ሁለተኛውን ስንኝ ስትዘጋ ከበሮው ዝም ይላል፣ ማሲንቆው ብቻውን ይቀራል፤ ልብ የሚነካው እዚያ ላይ ነው» ካሉ ግን አድማጩ ተመልሶ ሰምቶ «አዎ» ወይም «የለም፣ ከበሮው አልቆመም» ሊልዎ ይችላል። ትንታኔ ማለት ስሕተት ሊገኝበት የሚችል አስተያየት ነው።

ሰኞ ገበያ ጋቢ የምትገዛ እናት «ያምራል» ብላ ብቻ ገንዘቧን አትፈታም። ጥለቱን ትታ መሐሉን ወደ ብርሃን ታነሣለች፣ ፈትሉ የት እንደሳሳ ታያለች፣ ጠርዙን በጣቷ ታሻለች፤ ከዚያ ነው «ማጉ የእጅ ፈትል ነው፣ ድሩ ግን የፋብሪካ ነው» ብላ ዋጋ የምትቆርጠው። ከእርስዎ የሚፈለገው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ያለውን መናገር፦ ስንት ሰው፣ ምን መሣሪያ፣ ምን ቀለም፣ የት ቦታ። ቀጥሎ ያለው ነገር እንዴት እንደተያያዘ ማሳየት፦ ምን ይደጋገማል፣ ምን ከምን ይጋጫል፣ ዐይን ወይም ጆሮ መጀመሪያ ወዴት ይሄዳል። ሦስተኛው ትርጓሜ ነው፤ ያ አያያዝ ምን ሐሳብ፣ ምን ስሜት ይሰጣል? ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም የሚለው ምዘና መጨረሻ ላይ ይመጣል። እርስዎ አንደኛውን በጨረፍታ ነክተው አራተኛው ላይ አረፉ። ከጽሑፍዎ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይስጡ። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ መፈተኛ አለ፦ ሌላ ዘፈን ወይም ሌላ ሥዕል ላይ ቢለጥፉት የሚሄድ ከሆነ ይሰርዙት። «ባህላችንን በሚገባ ያንጸባረቀ» የሚለው ሐረግ በየመድረኩ ስለሚሄድ ስለ የትኛውም መድረክ አይናገርም።

የሠዓሊውን ሐሳብ ማወቅ ይጠቅማል፣ ግዴታ ግን አይደለም። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አብዛኞቹ የሠዓሊ ስም እንኳ የላቸውም፤ ይህ ማንንም ከመተንተን አላገደም። ሠዓሊው በሕይወት ካለና ከተናገረ ቃሉን እንደ ምስክር ቃል ይውሰዱት፤ ዳኛው ሸራው ነው። «ሰላምን ለመግለጽ ነው» ብሎ ሳለ ሥዕሉ ውስጥ ያለው መስመር ሁሉ እርስ በርሱ የሚጋፋ ከሆነ፣ መጻፍ ያለብዎ ይህንኑ አለመግባባት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ያላነጋገሩትን ሰው ልብ አይክፈቱ። «ሠዓሊው ሊነግረን የፈለገው…» ብለው የጀመሩትን ሁሉ «ሥዕሉ ላይ የሚታየው…» ወደሚል ይለውጡት። ግማሹ ዓረፍተ ነገር ማስረጃ አጥቶ በራሱ ይወድቅልዎታል።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት። ባቲና አምባሰል በመጀመሪያ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ የሚገኘው፣ በሰኞ ገበያው የታወቀው ከተማ ነው፤ አምባሰል ከሐይቅ አልፎ በውጫሌ በኩል ያለው ተራራማ አገር ነው። የቅኝት ስም ሲሆኑ ግን የሚያመለክቱት የድምፅ አሰላለፍን ነው። በአምባሰል ቅኝት የተዜመ ሁሉ ከአምባሰል አልመጣም፣ ስለ አምባሰልም አይናገርም። ሐዘንና ደስታም ቅኝቱ ውስጥ ታሽገው አልተቀመጡም። ያው ቅኝት በአንድ ማሲንቆ ቀስ ብሎ ሲዜም ሆድ ያባባል፤ ከበሮና ጭብጨባ ገብቶበት ሲፈጥን ሙሽራ ያስጨፍራል።

በጆሮዎ ያረጋግጡት። አራቱ ዋና ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው 5 ድምፅ አላቸው፤ ትዝታና ባቲ ደግሞ ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ሁለት ዓይነት አላቸው። በስልክዎ የፒያኖ መተግበሪያ ይክፈቱና ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ይንኩ (ዶ ጥንድ ሆነው ከቆሙት ሁለት ጥቁሮች በስተግራ ያለው ነጭ ነው፤ ከሱ ወደ ቀኝ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ይከተላሉ)። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለው ወጥተው ወርደው ዶ ላይ ሲያርፉ ትዝታ ሜጀርን ያገኛሉ። እነዚያኑ 5 ቁልፎች ሳይለውጡ መነሻና ማረፊያውን ላ ላይ ያድርጉት፤ ባቲ ማይነር ሆነ። ቀጥሎ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ የሚሉትን ይያዙ። ማረፊያው ሚ ሲሆን አምባሰል ነው፤ ላ ሲሆን ትዝታ ማይነር ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሆኖ ማረፊያው ዶ ነው። በዚህ አያያዝ ጥቁር ቁልፍ የሚያስፈልገው ለአንቺሆዬ ብቻ ነው፦ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ከዚያም በሶልና በላ መካከል ያለው ጥቁር፣ ማረፊያው ሲ።

ልብ ይበሉ፤ አምባሰልና ትዝታ ማይነር የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት 5 ድምፅ ነው። የሚለያዩት ዜማው «ቤቴ» ብሎ በሚመለስበት ድምፅ ነው። ስለዚህ ድምፆቹን ብቻ ለቅሞ «አምባሰል ነው» ማለት አይቻልም፤ የእርስዎም ዘፈን ትዝታ ማይነር ሊሆን ይችላልና ሳያጣሩ አይማሉበት። ማረፊያውን ሲፈልጉ የመጀመሪያውን ድምፅ አይመኑ። ዘፋኞች ብዙ ጊዜ ከላይ ይነሡና ወደ ቤት የሚወርዱት ስንኙ ሲዘጋ ነው። ስንኙ በተዘጋበት ቅጽበት ቀረጻውን አቁመው ያንን ድምፅ በአፍዎ ይያዙት፤ ሦስት አራት ቦታ ላይ ይድገሙት። ደጋግሞ የሚመለሰው እሱ ማረፊያው ነው። የቀረጻው መጨረሻ ላይ ጭብጨባ ድምፁን ስለሚውጠው ከመሐል ይውሰዱ።

ማረፊያውን ካገኙ በኋላ ከሱ ወደ ላይ ሲወጡ ቀጥሎ የሚመጣው የዘፈኑ ድምፅ ምን ያህል እንደሚርቅ በፒያኖው ይለኩ። አሁን ጥቁሮቹንም ይቁጠሩ። በሁለቱ መካከል ምንም ቁልፍ ከሌለ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ነው፤ አንድ ቁልፍ ከተዘለለ ከሁለቱ ትዝታዎች አንዱ ነው፤ ሁለት ከተዘለለ ባቲ ማይነር፣ ሦስት ከተዘለለ ባቲ ሜጀር ነው። አምባሰልንና አንቺሆዬን ለመለየት ሦስተኛውንና አራተኛውን ድምፅ ይስሙ፤ በአምባሰል በመካከላቸው አንድ ቁልፍ አለ፣ በአንቺሆዬ ጎን ለጎን ናቸው። ትዝታዎቹን የሚለየው ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ በማይነሩ ከሁለተኛው ጋር ይጣበቃል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ፒያኖው መለኪያ እንጂ ዳኛ አይደለም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ የሚወስነው በጆሮው ነውና ድምፁ በሁለት ቁልፎች መካከል ቢወድቅ «ሳተ» ብለው አይጻፉ። ሁለተኛ፣ በመድረክ ላይ ዘፈን ከዘፈን ሲያያዝ ቅኝት ሊቀየር ይችላል። ክራር ተጫዋቹ ከትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር ለመሄድ የሦስተኛውንና የአምስተኛውን ድምፅ ክሮች ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ይህ ጊዜ ስለሚወስድ በዘፈኖቹ መካከል ይታያል፣ ይሰማልም። ኪቦርድ ተጫዋች ግን ሳይታወቅዎት ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዘፈን ለየብቻ ይመርምሩ። («ትዝታ» የሚለው ቃል የቅኝትም የዘፈን ዓይነትም ስም ነው፤ በየትኛው ትርጉም እንደተጠቀሙበት ካልገለጹ አድማጭ ይምታታበታል።)

ታዲያ ሐዘኑን ያመጣው ምንድን ነው? ፍጥነቱን ይቁጠሩ፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ ያሉትን ምቶች በ4 ያባዙ። 16 ምት ከቆጠሩ በደቂቃ 64 ነው፣ ዝግ ያለ ነው፤ 30 ከቆጠሩ 120 ነው፣ ያስጨፍራል። ምቱ በውስጡ ለሁለት ይከፈላል ወይስ ለሦስት? ድምፃዊቷ በድምጿ ወሰን ታች ላይ ነች ወይስ ወደ ላይ ወጥታ እየተወጠረች? ቃሉን ከምቱ ጋር ታሳርፋለች ወይስ ትንሽ ዘግየት ታደርጋለች? በአንድ ቀለም (የቃሉ አንድ ክፍለ ድምፅ) ላይ ስንት ድምፅ ታውለበልባለች? በዘፈንዎ ሐዘን ካለ ከነዚህ መካከል በሁለቱ ወይም በሦስቱ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ቅኝቱ የራሱን ጥላ ይጨምርበታል እንጂ ብቻውን አይሸከመውም።

ግጥሙን በወረቀት ላይ ይገልብጡት፤ በጆሮ ብቻ የተያዘ ግጥም ያሳስታል። ለማሳያ ያህል በወሎ ዘፈን ልማድ የተገጠመች ሁለት ስንኝ ይመልከቱ (ጦሳ የደሴ ተራራ ነው)፦

ከጦሳ ሥር ሆኜ ብጠራሽ ብጠራሽ፣
ገደሉ መለሰው አንቺ ግን አልሰማሽ።

መጀመሪያ ቀለሙን ይቁጠሩ። ከ፣ ጦ፣ ሳ፣ ሥር፣ ሆ፣ ኜ ብለው 6 ላይ ይቆረጣል፤ ቀሪውም 6 ነው፣ በድምሩ 12። ይህ የወል ቤት የሚባለው አካሄድ ነው። ሲዘፈን ዘፋኙ 6ኛው ላይ ቆም ብሎ ማሲንቆው እንዲመልስለት ይተዋል፤ በዚህ ግጥም ውስጥ ያ ዝምታ ራሱ የገደል ማሚቶ ይሆናል። ቀጥሎ ኅብረ ቃሉን (ሁለት ፍቺ የያዘውን ቃል) ይፈልጉ። «መለሰው» ማለት ጥሪውን መልስ ሰጠበት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ወቀሳ ነው፤ ድንጋይ እንኳ መልሶ እሷ ዝም አለች። ወይም ድምፁን አግዶ ወደ ኋላ መለሰው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ልጅቷ ጥፋት የለባትም፣ ጥሪው አልደረሳትም። ወቀሳና ይቅርታ በአንድ ግስ ላይ ተቀምጠዋል። ትንታኔ የሚጀምረው «ጥሩ ሰምና ወርቅ አለው» ከማለት ሳይሆን ሁለቱን ፍቺዎች ለይቶ ካወጡና ዘፋኟ በድምጿ ወደ የትኛው እንዳጋደለች ካሳዩ በኋላ ነው። ጠቅላላው ግጥም ኅብረ ቃል አለው ብለው ግን አይገምቱ፤ የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ነው፤ ከሱ ውስጥ ምሥጢር መቆፈር ድካም ነው።

ውዝዋዜውን መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው ይዩት። ዘፈኑ ካለ ዐይን የጆሮ ሎሌ ይሆናል። አንድ ተወዛዋዥ ብቻ ይምረጡና እንቅስቃሴው ከየት እንደሚነሣ ይፈልጉ፤ ከትከሻ፣ ከደረት፣ ከአንገት ወይስ ከጉልበት? ትከሻው ወደ ላይና ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ? ሁለቱ ትከሻዎች አብረው ነው ወይስ እየተፈራረቁ? «እስክስታ ወረዱ» የሚለው ይህንን ሁሉ አይናገርም። በሁለተኛው እይታ እግር ብቻ ይዩ፤ በሦስተኛው የቡድኑን አሰላለፍ ወረቀት ላይ በነጥብ ይሣሉ። ከዚያ ድምፁን ከፍተው ትከሻው የሚወድቀው በከበሮው ወፍራም ድምፅ ላይ እንደሆነ ወይስ በቀጭኑ ላይ ይስሙ። ጎበዝ ተወዛዋዥ ሁለቱንም ይይዛል፤ እግሩ ወፍራሙን፣ ትከሻው ቀጭኑን።

ትልቁን ነገር ግን አዳራሹ ይነግርዎታል። በሰርግ ቤት ጭፈራው ክብ ነው፤ ተወዛዋዡ ፊቱን ለጓደኛው ነው የሚሰጠው፤ ማን ተመልካች ማን ጨፋሪ እንደሆነ በየደቂቃው ይቀያየራል። እዚሁ ደሴ ያለው አይጠየፍ ለግብር የተሠራ አዳራሽ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቤት አዝማሪ የሚዘፍነው በተመጋቢው መካከል ነው፤ ያየውን ሰው እየጠራ ያሞግሳል፣ ይሸነቁጣል። መድረክ ላይ ሲወጣ ክቡ ተከፍቶ ቀጥ ያለ ረድፍ ይሆናል፤ ፊት ሁሉ ወደ ወንበሩ ይዞራል፤ ልብሱ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ እንቅስቃሴው በቁጥር ይገጣጠማል። ይህን «ባህሉን አበላሹት» ማለት ርካሽ ሂስ ነው። ምን ጠፋ፣ ምን ተገኘ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የጠፋው ጨዋታውና መመላለሱ ነው፤ የተገኘው ከሩቅ የሚነበብ ምስል ነው። እርስዎ ያዩት ቡድን ረድፉን የትም ቦታ ላይ ወደ ክብ መልሶት ከነበረ፣ ለምን እዚያ ላይ እንዳደረገው ብቻውን የአንድ ገጽ ሥራ ይወጣዋል።

የሚሠሩት ከስልክ ቀረጻ ከሆነ ገደቡን ይወቁ። ስልክ የድምፅ ከፍታን በራሱ ያስተካክላል፤ ከበሮው ሲጮህ ይቀንሰዋል፣ ሲዝም ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ «ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ከፍታ የሄደ ነው» የሚል ነቀፌታ ከስልክ ቀረጻ አይጻፍም። ቀራጩ ወደ ዘፋኟ ፊት ሲያቀርብ የተወዛዋዦቹ እግር ከምስሉ ይወጣል፤ ያላዩትን እግር «አልተንቀሳቀሰም» አይበሉ። ፈጣን ትከሻም ምስሉ ላይ ይደበዝዛል፤ የተወዛዋዡ ጥፋት አይደለም።

ወደ ሥዕሉ ስንመጣ፣ ፊቱ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቁሙ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃ ምንም ሳይጽፉ። ከዚያ ቁሳቁሱን ይመዝግቡ፦ ቁመትና ስፋቱ በሴንቲሜትር፣ ዘይት ቀለም ነው ወይስ አክሪሊክ፣ ሸራ ላይ ነው ወይስ ጣውላ ላይ። መጠኑን መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሰው ፊት በ20 ሴንቲሜትር ሲሣልና በ2 ሜትር ሲሣል አንድ ሥራ አይደለም። ዐይንዎን ጨፈን አድርገው ይመልከቱት፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቆቹ ጨለማና ብርሃኖች ይቀራሉ። ፈቃድ ካለ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሥተው በስልክዎ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። በቀለም ሲታዩ የሚጯጯሁ ቀይና አረንጓዴ በጥቁርና ነጭ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ያኔ ሥዕሉን የያዘው የቀለም ጠብ እንጂ ብርሃንና ጥላ አለመሆኑን ያውቃሉ። በመጨረሻ ወደ ጎን ቆመው ብርሃኑ ገጹን ሲልሰው የብሩሹን መንገድ ይከተሉ፤ የት እንደቸኮለ፣ የት ደጋግሞ እንደለሰነ ያሳያል። አይንኩት። ስለ ቀለም የሚጽፉትንም ከፎቶው ሳይሆን እዚያው ቆመው ይጻፉ፤ ቢጫ አምፖል ያለበት አዳራሽ ነጩን ክሬም፣ ሰማያዊውን አረንጓዴ ያስመስላል።

የሚለኩበትን ክንድም ይምረጡ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት ቆሞ «ርቀት አላሳየም» ማለት ሥራው ያልተሠራበትን ሕግ መጫን ነው። በዚያ ልማድ ጻድቃን ሁለቱም ዐይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን ዞረው በአንድ ዐይን ይታያሉ። ይህን ያወቀ ሰው በአንድ የስቅለት ሥዕል ውስጥ ከ12 ሰው መካከል ማን የማን ወገን እንደሆነ ያለ ጽሑፍ ይለያል። መደቡም (ከሰዎቹ ምስል ጀርባ ያለው ገጽ) ይናገራል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል መደቡን በአንድ ወጥ ቀለም ይሞላል፤ ከሱ የተከተለው ሁለተኛው ደግሞ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው እየፈዘዘ የሚሄድ መደብ ይወዳል። ረቂቅ ሥዕል ከሆነ ደግሞ «ምን ይመስላል?» የሚለው ጥያቄ መንገድ ያስታል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ (1932–1981 እ.ኤ.አ.) ከጀርመን ትምህርቱ ተመልሶ ረቂቅ ሥራዎቹን ለአዲስ አበባ ተመልካች ባሳየ ጊዜ ብዙ ሰው የጠየቀው ይህንኑ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ምን ከምን ጋር ይታገላል፣ ማን ያሸንፋል?» ነው፤ ክብደቱ የት እንደወደቀ፣ ባዶው ቦታ ምን እንደሚሠራ ይፈልጉ።

ስለ ቴአትሩ ብዙ አልልም፤ አንድ ጊዜ አይተው ማስታወሻ ካልያዙ ሊተነትኑት አይችሉም። ደግመው ማየት ከቻሉ ሦስት ነገር ይከታተሉ፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ በዚህ ትዕይንት የሚፈልገው ምንድን ነው፣ ማን ይከለክለዋል፣ ተመልካቹ ከገጸ ባሕርያቱ ቀድሞ የሚያውቀውስ ምንድን ነው። ዝምታዎቹን ይቁጠሩ። ታሪኩን መተረክ ግን ትንታኔ አይባልም፤ ከአራት ገጽዎ አንዱ ሙሉ በሙሉ በዚህ ከተያዘ አይደነቅም።

አራቱን በአንድ መመዘኛ? አይሆንም። ሥዕል ሁሉን በአንዴ ያቀርብና ዐይን በፈለገው መንገድ ይሄዳል፤ ዘፈን መንገዱን ራሱ ይመራል፣ ወደ ኋላ አያስመልስም። «ቴአትሩ ከሥዕሉ ይበልጣል» የሚለው «ጤፉ ከፍየሉ ይበልጣል» እንደማለት ነው። የሚቻለው አንድ ነጥብ ይዞ ማነጻጸር ነው፤ ለምሳሌ ድግግሞሽን። በዘፈኑ አዝማቹ በተመለሰ ቁጥር ምን ይለወጣል? በሥዕሉ ያው ቅርፅ ሦስት ጊዜ ሲመጣ መጠኑ ምን ይሆናል? ይህ ግን የሁለተኛ ጊዜ ሥራ ነው።

ከወሎ ሥራዎች መካከል መንዙማን ለመምረጥ ያሰቡ እንደሆነ አንድ ጥንቃቄ ይያዙ። መሪውና ተቀባዩ የሚቀባበሉበት ሁኔታ፣ የድቤው አመታት፣ ዜማው ቀስ በቀስ የሚግልበት መንገድ ለትንታኔ እጅግ የበለጸገ ነው። ነገር ግን ለባለቤቶቹ ምስጋናና ልመና ነው። ሳያስፈቅዱ አይቅረጹ፤ «ትርኢት»፣ «ዘፋኝ» የሚሉትን ቃላትም አይጠቀሙ። ቃሉ ራሱ የተሳሳተ ፍርድ ይዞ ይገባል።

ለ15 ደቂቃዎ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው። ቴአትሩንና ሁለቱን ሥዕሎች ይተዉአቸው። ከዘፈኑና ከውዝዋዜው ውስጥ 2 ደቂቃ ብቻ ቆርጠው ይውሰዱ፤ አንድ ነገር የሚለወጥበት ቦታ ይሁን፦ ከበሮው የሚገባበት፣ ረድፉ የሚፈርስበት፣ ዘፋኟ ከአዝማች ወደ ስንኝ የምትሻገርበት። ወረቀቱን በአራት ዓምድ ይክፈሉት፤ ጊዜ፣ ድምፅ፣ ግጥም፣ አካል። በየ10 ሰከንዱ አንድ ረድፍ ቢያደርጉ 12 ረድፍ ይሆናል። ቅንጭቡን ለድምፁ ብቻ ሦስት ጊዜ፣ ለአካሉ ብቻ ሦስት ጊዜ ይዩ፤ በአንዴ ሁሉንም ለመመዝገብ የሞከረ ሰው ረድፎቹን ባዶ ያስቀራል። ሰንጠረዡ ሲሞላ በአንድ ረድፍ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓምድ አብሮ ሲለወጥ ያገኛሉ። የትንታኔዎ ዋና ሐሳብ እዚያ ረድፍ ላይ ነው ያለው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ዓረፍተ ነገሩ «ምክንያቱም» የሚል ቃል ከሌለው ገና አልበሰለም።

አቀራረቡ እንዲህ ይከፈል፦ ማን፣ መቼ፣ የት የሚለው 1 ደቂቃ፤ ቅንጭቡን ማሳየት 2 ደቂቃ፤ ገለጻ 4፤ ትንተናና ትርጓሜ 5፤ ቅንጭቡን ሁለተኛ ጊዜ ማሳየት 2፤ ምዘና 1። ሁለተኛውን ማሳየት ጊዜ አጠረኝ ብለው እንዳይዘሉት፤ ክበብዎ የተናገሩትን በገዛ ጆሮው የሚያጣራው ያኔ ነው። «አምባሰል ነው» የሚሉ ከሆነ ማረፊያውን ድምፅ በአፍዎ አሰምተው ይጀምሩ። ግጥሙን በወረቀት አባዝተው ያድሉ፤ ቅንጭቡንም በስልክዎ ላይ ጭነው ቻርጅ የተደረገ ትንሽ ስፒከር ይያዙ፤ መብራት ቢጠፋ ምስሉ ባይታይም ድምፁና ግጥሙ ይበቁዎታል።